ከዋስ በፊት የልጁ ዕድሜ ይጠየቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልጃቸው የተያዘባቸው ወላጆች ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዋስ ነው። ከዚያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን የልጁ ዕድሜ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ነው።

9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 53 መሠረት ከአዋቂዎች ጋርም አይታሰርም። 18 ያልሞላው ማንም ቢሆን ሞት አይፈረድበትም። የሚታየው ልጁ የተያዘበት ቀን ሳይሆን ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የተወለደበት ወር ሳይቀር ለውጥ ያመጣል።

ነገሩ የሚበላሸው ምዝገባው ላይ ነው። አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ስለሆነ፣ ዛሬ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ሲወለዱ አልነበረም። ከቃሉ ወይም ከተሁለደሬ ገጠር ለቀን ሥራ የመጣ ልጅ ሥራ እንዳይከለከል «18 ነኝ» ማለት ለምዷል። ሲያዝ ጣቢያም ላይ ያንኑ ይደግማል፣ ቃሉ ይጻፋል፣ መዝገቡም በዚያው ይቀጥላል።

ስለዚህ ቤተሰብ እጁ ላይ ያለውን ማስረጃ ልጁ ፍርድ ቤት መቅረብ ባለበት 48 ሰዓት ውስጥ ያድርስ። የክትባት ካርድ ጠቃሚ ነው፤ በወቅቱ ከተከተበ ከመጀመሪያው የ6 ሳምንት ክትባት ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። የክርስትና ወረቀት ካለ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ይቀነስ። የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ልጁን ቶሎ ለማስገባት ተብሎ ዓመት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ልጁ ከተያዘ በኋላ የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ደግሞ ለክርክር የተጋለጠ ነው። ዕድሜን ለመለየት የሚነሳው የእጅ አንጓ ራጅ የሚሰጠው ግምት ብቻ ነው፤ ሐኪሙ አንድ ቁጥር ብቻ ከጻፈ «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ እንዲገለጽ ይጠየቅ። ጥርጣሬው ለልጁ ሊያደላ ይገባል ባዮች ነን።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ጉዳዩ በቀጠሮ ሲያድር ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ፣ እነዚህ ከሌሉ ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ያዛል። ቤተሰቡ ሩቅ ለሆነ ልጅ አከራዩ ወይም የዕድር ዳኛው ቀርቦ «እኔ አቀርበዋለሁ» ቢል ያ ልጅ ጣቢያ ላያድር ይችላል። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ጥቂት መሆኑ ያሳዝነናል። ወላጅም አሳዳጊም ካልቀረበ ጠበቃ የመመደብ ግዴታ የፍርድ ቤቱ ነው፤ በችሎት ይጠየቅ።

ልጁ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ይግባ ቢባልም ጊዜው ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው፤ 18 ሲሞላው ያበቃል። እስከዚያም ትእዛዙ እንዲሻሻል ልጁ ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላሉ።

በደሴ የሕግ ባለሙያዎች