«ኮሜዲ እኮ ነው፣ ላይቱን ሁሉ አብራው»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በጥበብ አምዳችሁ ስለ ሆረር (አስፈሪ) ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ ቡናዬን ይዤ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ ቡናውም ትኩስ ነበር። እዚያ ላይ ግን ጸሐፊው አንዲት ነገር ጣል አድርገው አለፉ። የካሜራ ባለሙያ የሚፈተነው በሆረር ነው፣ ኮሜዲ ግን ላይት አብርቶ መቅረጽ ስለሆነ ያን ያህል አያስቸግርም የምትል ነገር። ቡናዬ ሳልጨርሰው ቀዘቀዘ።

እኔ በካሜራ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ከሰርግ ነው የጀመርኩት። አሁንም ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ፊልም ሲገኝ ደግሞ ፊልም እሠራለሁ። ከአንዱ በቀር የሠራኋቸው ሁሉ ኮሜዲ ናቸው። ስለዚህ ይቺን አባባል ጸሐፊው አልፈጠሯትም፤ ቀረጻ ቦታ ላይ ስሰማት ኖሬያለሁ። «ኮሜዲ እኮ ነው፣ ላይቱን ሁሉ አብራውና እንጨርስ» ይሉሃል። አንድ ፕሮዲውሰር ሆረር ሊሠራ ነው ሲባል ሰምቼ ደወልኩለት። «አንተማ የሳቅ ሰው ነህ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እውነቱን ለመናገር አልዘጋውም፣ ኔትወርክ ነው የተቋረጠው። መልሶ ግን አልደወለም።

ለዚህ ነው አንድ ሰው ላነሳባችሁ የፈለግኩት። ዲን ከንዲ ይባላል። ጽሑፋችሁ ባለጭንብል ነፍሰ ገዳይ ላለበት ለ«ሃሎዊን» ፊልም ግማሽ ገጽ ሰጥቶታል። የዳይሬክተሩ የጆን ካርፔንተር ስም ስምንት ጊዜ ተጠርቷል (ቆጥሬዋለሁ፣ ይቅር በሉኝ)። የተዋናይቷ የጄሚ ሊ ከርቲስም አለ። ሙዚቃው ሳይቀር ተመስግኗል። የሲኒማቶግራፈሩ፣ ማለትም የካሜራውና የብርሃኑ ኃላፊ ስም ግን የትም የለም። እሱ ነው ዲን ከንዲ።

ሰውዬው በ1946 ካሊፎርኒያ ውስጥ አልሃምብራ በምትባል ከተማ ተወለደ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ዩሲኤልኤ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። 70ዎቹን በርካሽ ፊልሞች ሲለፋ ከቆየ በኋላ በ1978 «ሃሎዊን» መጣ። በጀቱ 300 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፣ ቀረጻው ደግሞ 20 ቀን ገደማ። ታሪኩ የሚሆነው በመኸር ኢሊኖይ ውስጥ ነው፤ የተቀረጸው ግን በጸደይ ካሊፎርኒያ። ዛፉ ሁሉ ለምለም ነው። እና ምን አደረጉ? ቅጠል ቡናማ ቀለም ቀብተው መንገዱ ላይ በተኑት። ሲጨርሱ መልሰው ለቅመው ለሚቀጥለው ሾት አስቀመጡት። ይህን ሳነብ ፈረንጅ አገር መሆኑን ረስቼ የእኛን ቀረጻ የማውቅ መሰለኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ልጅቷ ላውሪ እያለቀሰች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ከጀርባዋ ክፍት በር አለ፣ ውስጡ ጥቁር ነው። ምንም የለም። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ እያየነው፣ ከጨለማው ውስጥ ነጭ ጭንብል ይወጣል። ሰውዬው አልተራመደም። እዚያው ነበር። ከንዲ ይህን የሠራው በአንዲት ትንሽ መብራትና በዲመር፣ ማለትም ብርሃን ከፍና ዝቅ በሚያደርግ መቆጣጠሪያ ነው። መብራቷን ቀስ እያለ ከፍ አደረጋት፣ በቃ። ከውጭ ገብታችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስትቆሙ ዓይናችሁ ቀስ በቀስ እንደሚለምደው ማለት ነው። ኮምፒውተር የለም። ከዲመሯ ሌላ ያለው ትዕግሥት ነው።

ጸሐፊው ይህቺን ሾት አድንቀዋል፣ ልክ ናቸው። ግን ሾቷ ለምን እንደምትሠራ እንይ። እኛ እናየዋለን፣ ላውሪ አታየውም። ሁለቱም አንድ ፍሬም ውስጥ ናቸው፣ እሷ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል። ካሜራው ወደ ማንም አይጠጋም። እዚያ በር ላይ ባለጭንብል ነፍሰ ገዳይ በመቆም ፈንታ ሚስቱን የፈራ ባል ቢቆምስ? ኮሜዲ ሆነ። ሾቱ ያው ነው። ሌንሱም ያው፣ ትዕግሥቱም ያው።

ይህን በመጽሐፍ አላወቅኩትም። ከፍዬበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራሁት አንድ ኮሜዲ ውስጥ እጮኛው ቤት ተደብቆ የገባ ልጅ አለ። አባትየው ሳይታሰብ ይመጣሉ፣ ልጁ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ አባትየው ፊት ለፊት ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። የቁም ሳጥኑ በር አይዘጋም። ልጁ በጣቱ ይዞታል፣ ጣቷ ትታያለች። ዳይሬክተሩ በሰፊው እንድቀርጸው ነገረኝ፣ ቀረጽኩት። ከዚያ እኔው ነኝ «ጣቷን በክሎዝአፕ፣ በጣም ቀርበን እንውሰዳት፣ ታምራለች» ብዬ የለመንኩት። እውነትም ታምር ነበር። ኤዲተሩም ወደዳት። ሲኒማ ቤት ለሙከራ ስናሳይ ጣቷ ስክሪኑን ሞልታ መጣች፣ አዳራሹ ጭጭ። አንድ ሰው ሲያስል ብቻ ተሰማ። ክሎዝአፑን አውጥተን ሰፊውን ሾት መልሰን አስገባነው። አባትየው ፉት ይላሉ፣ ጣቷ ትንቀጠቀጣለች፣ አባትየው እንደገና ፉት ይላሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስስቅ ሳይሆን ሳፍር ነበር ያመሸሁት።

ከንዲ ይህን ስህተት አይሠራም ነበር። ለካርፔንተር በተከታታይ «ዘ ፎግ»ን፣ «ኢስኬፕ ፍሮም ኒው ዮርክ»ን፣ በ1982 ደግሞ «ዘ ቲንግ»ን ሠራ። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ልዩ ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ በ50 ሳንቲም የሚያስገባ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ላይ ተጣብቀን እንቀመጣለን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። አንድ ቀን ይህ ፊልም ገባ። በረዶ ውስጥ የታሰሩ ሰዎች ናቸው፣ ከመካከላቸው ማን ሰው እንደሆነና ማን እንዳልሆነ አይታወቅም። ደማቸውን በየሳህኑ ቀድተው በጋለ ሽቦ እየነኩ ይፈትናሉ። አንዱ ተነካ፣ ምንም የለም። ሌላው ተነካ፣ ምንም። እያላመደን ነው። ሰዎቹ መጨቃጨቅ ይጀምራሉ፣ ዓይናችን ወደ ጭቅጭቁ ይሄዳል፣ ሽቦው እንደ ዘበት አንዱን ሳህን ይነካል። ደሙ እየጮኸ ዘለለ። እኛም ዘለልን። አግዳሚው ተገለበጠ። ወለሉ ላይ ተነባብረን ከወደቅንበት መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸት አይደለም። ሳቅ ነው። ያ ሁሉ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

ዛሬ ሳስበው ያ ትዕይንት አሠራሩ የቀልድ ነው። ደጋግመህ አለማምደህ ድንገት ማፍረስ። ማንም ቀልደኛ ያውቀዋል። ብርሃኑም እንዲሁ። በዚያ ፊልም ሰዎቹ ችቦና የእጅ ባትሪ ይዘው በጨለማ ይንከራተታሉ፣ መብራቱ ያለው እጃቸው ላይ ነው። ግን የሚያስፈልገን ነገር ሁሉ ይታያል። አስፈሪ ፊልም ማለት ምንም የማይታይበት ማለት የሚመስላቸው አሉ። ጸሐፊው ከነሱ አይደሉም፣ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት።

አሁን ያቺ «ቀላሏ» ኮሜዲ ጋ ደረስን። ከንዲ ከካርፔንተር ወደ ሌላ ዳይሬክተር፣ ወደ ሮበርት ዜሜኪስ ሄደ። በ1985 «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር»ን ሠሩ፣ በ1988 ደግሞ «ሁ ፍሬምድ ሮጀር ራቢት»ን። ይህ ሁለተኛው ሰውና የካርቱን ጥንቸል አብረው የሚሠሩበት ፊልም ነው። አስቡት፤ ቀረጻው ላይ ጥንቸሉ የለም። ካሜራው ባዶ አየር ይቀርጻል። ብርሃኑ ለሌለ ሰው ይዘረጋል፣ ተዋናዩ ቦብ ሆስኪንስ ከአየር ጋር ይጣላል። ካሜራው ዝም ብሎ አይቆምም፣ ይዞራል፣ ይከተላል። ስዕሉን የሚሠሩት ሰዎች በኋላ መጥተው ጥንቸሉን በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ማዕዘን መሳል አለባቸው። ከዚያ አንድ ትዕይንት ላይ ሆስኪንስ ጭንቅላቱ ከጣሪያ የተንጠለጠለ አምፖል ይመታል። አምፖሉ ይወዛወዛል። ጥላው ሁሉ ይወዛወዛል። የሰውየው ጥላ፣ የሳጥኑ ጥላ፣ እና የሌለው ጥንቸል ጥላ። ለዚያች አፍታ ሰዓሊዎቹ ጥላውን ፍሬም በፍሬም መሳል ነበረባቸው። አምፖሉ ባይመታ ማንም «ለምን አልተመታም» አይልም ነበር። ለሳቅ ሲባል ብቻ ነው።

እስቲ እዚህ ጋ «ላይቱን ሁሉ አብራው» በሉት!

ሌላም ነገር አለ። ከንዲ ለኦስካር የታጨው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለጭንብሉ አይደለም። ለደሙም አይደለም። ለጥንቸሉ ነው። አላሸነፈም፤ ሽልማቱን «ሚሲሲፒ በርኒንግ» ወሰደው። ቢሆንም ሲኒማቶግራፈሮች ከሆረሮቹ ይልቅ ያከበሩለት ኮሜዲውን ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫ ልለፈው። በ1989 በ«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ሁለተኛ ክፍል ማይክል ጄ. ፎክስ አንድ ራት ገበታ ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ይቀመጣል፤ አባት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ። በድሮው ዘዴ እንዲህ ሲሠራ ካሜራው ንቅንቅ አይልም ነበር። እዚህ ግን በኮምፒውተር የሚመራ ካሜራ አንዱን እንቅስቃሴ ሳይዛነፍ እየደገመው ነው የተቀረጸው። ከንዲ ይህን የአንድ ተዋናይ መንታነት በ1998 «ዘ ፓረንት ትራፕ» ላይም አግኝቶታል። በ2011ም በ«ጃክ ኤንድ ጂል»። ይህ የመጨረሻው መጥፎ ፊልም ነው፣ አልዋሽም። በአሜሪካ ለመጥፎ ፊልም የሚሰጠውን ራዚ የሚባለውን ሽልማት አሥሩንም ዘርፍ ጠራርጎ ወስዷል። ካሜራውን ግን ማንም አልሰደበውም።

በመሃል «ጁራሲክ ፓርክ»ን፣ 1993፣ ሠርቷል። እሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልደክምም። ጸሐፊውን ማሳየት የምፈልገው ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የወጣውን «ዴዝ ቢካምስ ኸር»ን ነው። ሜሪል ስትሪፕ አንገቷ ወደ ኋላ ዞሮ ትሄዳለች፣ ጎልዲ ሆን ሆዷ ላይ በጥይት የተከፈተ ቀዳዳ ይዛ ታወራለች፣ በቀዳዳው ማዶ ይታያል። ሆረር ነው? ኮሜዲ ነው? ቤቱ እንደ ሆረር ቤት ጥላ የበዛበት ነው፣ አዳራሹ ግን ይስቃል። የሆረሩንም የኮሜዲውንም መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው የቀረጸው።

በ2014 የአሜሪካ ሲኒማቶግራፈሮች ማኅበር የሕይወት ዘመን ሽልማቱን ሰጠው። ያኔ «የሆረር ሰው ነህ ወይስ የሳቅ?» ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።

ስለ እኛም አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ። የእኛ ኮሜዲ ሲቀረጽ አብዛኛውን ጊዜ ሳሎን ነው። ግድግዳው ያብረቀርቃል፣ ቡፌው መስታወት አለው፣ መስታወቱ ውስጥ የእኔ ላይት ይታያል። ያን ሁሉ ላይት አብርቼ ብቀርጽ የተዋናዩ ፊት የመታወቂያ ፎቶ ይሆናል። ዓይኑ ካልታየ ደግሞ ቀልዱ የለም፣ ምክንያቱም ሰው የሚስቀው በዓይን ነው። ስለዚህ ፊቱ ብሩህ ሆኖ ቤቱ ግን ጥልቀት እንዲኖረው አንዱን አጠፋለሁ፣ አንዱን በጨርቅ እሸፍናለሁ፣ ቡፌውን ከጥግ ገፋ አደርጋለሁ። ይህን ስሠራ ፕሮዲውሰሩ ሰዓቱን ያያል። «ኮሜዲ እኮ ነው» ይላል። ጋዜጣችሁንም ያነባል ብዬ ነው የፈራሁት።

ለጸሐፊው ክብር አለኝ። ስለ ፊልም የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ጭራሽ ከሚቀር እየተከራከርን ይጻፍልን። የምለምናችሁ አንዲት እርማት ብቻ ናት። ከጽሑፉ ጋር ያተማችሁት ፎቶ ያቺው የኮሪደሯ ሾት ናት፤ ላውሪ በአንድ በኩል፣ ጭንብሉ በሌላ በኩል። ሥሩ የጻፋችሁት «ከጆን ካርፔንተር ፊልም የተወሰደ» የሚል ነው። በሚቀጥለው እትም ጥግ ላይ፣ በትንሽ ፊደልም ቢሆን፣ «ሲኒማቶግራፈር፦ ዲን ከንዲ» ብላችሁ ብታወጡልኝ ቆርጬ የካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ እይዛታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳቅ ካሜራማን
አዲስ አበባ