ተጫዋቹ የሚናገረው ሰሚ ሳያጣ ይሞከር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የዘወትር አንባቢ ነኝ። የምተዳደረው ኮምፒውተር በመጠገን ሲሆን፣ ወደ ሱቄ ከሚመጡት ደንበኞች ብዙዎቹ ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች ናቸው። ስለነዚህ ወጣቶች በጋዜጣም ሆነ በሬዲዮ ሲነገር ጨዋታው ሱስ ስለመሆኑ ካልሆነ በስተቀር ስለ ጨዋታው አሠራር የሚነሳ ነገር እምብዛም አልሰማም። እኔ ዛሬ ማንሳት የምፈልገው አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የኦንላይን የተኩስ ጨዋታዎች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ለተጫዋቾች የሚከፈቱበትን፣ «ቤታ» እየተባለ የሚጠራውን የሙከራ ጊዜ የሚመለከት ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ሙከራ ሙከራ የሚሆነው ተጫዋቹ ጉድለቱን ከተናገረበት ቀን አንሥቶ ጨዋታው እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ጉድለቱን ለማረም የሚበቃ ጊዜ ሲኖር ነው። ያ ጊዜ ከሌለ ተጫዋቹ የሰርቨሩን (ተጫዋቾችን ሁሉ የሚያገናኘውን የሠሪዎቹን ኮምፒውተር) አቅም ከመፈተን ያለፈ ድርሻ የለውም፤ ይህም ሳይሸፋፈን ሊነገረው ይገባል።

ዕድሜያቸው ከሠላሳ ያለፈ የከተማችን ልጆች ካውንተር ስትራይክን ያስታውሱታል። በየሠፈሩ ጌም ቤት ኮምፒውተሮች በገመድ ተያይዘው፣ ከጎን የተቀመጠው ጓደኛ ሲጮህ እየተሰማ የተጫወትነው ጨዋታ ነው። ያ ጨዋታ ያደገው በሙከራ ነበር። በካናዳ ተማሪ የነበረው ሚን ሌ ከአንድ ባልደረባው ጋር የመጀመሪያውን ቤታ በነፃ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በጁን 1999 ሲሆን፣ ሙሉው ጨዋታ ለገበያ የቀረበው በኖቬምበር 2000 ነው። በመካከሉ አሥራ ሰባት ወራት አለፉ፤ በእነዚያ ወራትም አዲስ ቤታ በአዲስ ላይ ሲወጣ፣ ተጫዋቹ ሲሞክር፣ ሲነቅፍ፣ ሠሪዎቹም ሲያስተካክሉ ቆዩ። በመጀመሪያው ቤታ የነበረው ታጋቾችን የማስለቀቅ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ካውንተር ሲባል ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚያስበው ፈንጂ የማጥመድና የማክሸፍ ጨዋታ የተጨመረው በ1999 መገባደጃ፣ በአራተኛው ቤታ ላይ ነው። አብሮት የመጣውንና እኛ ጥግ ጥጉን በቃላችን የያዝነውን «ደስት» የተባለ ማፕ (የጨዋታ ሜዳ) የሠራው ደግሞ ዴቭ ጆንስተን የተባለ፣ በወቅቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረ እንግሊዛዊ ተጫዋች ነው። እንግዲህ የተጫዋች ቃል በጊዜው ሲሰማ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

አሥራ ሰባት ወራት ዛሬ ለማንም የሚሰጥ ጊዜ እንዳልሆነ እረዳለሁ። ነገር ግን ስምንት ሳምንትም በአግባቡ ከተጠቀሙበት ቀላል አይደለም። ራዮት ጌምስ የተባለው ኩባንያ ቫሎራንት የተባለውን የተኩስ ጨዋታ ለተመረጡ ተጫዋቾች የከፈተው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2020 ሲሆን፣ ጨዋታው በይፋ የወጣው ጁን 2 ነው። በዚያ መሐል ተጫዋቾች ከጠመንጃውና ከማፑ ይልቅ አጥብቀው የተነጋገሩት ቫንጋርድ ስለተባለው የማጭበርበር መከላከያ ነበር። ይህ ፕሮግራም ጨዋታው ባይከፈትም እንኳ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ጀምሮ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጥልቅ ክፍል ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ፣ «እኔ ሳልጫወት ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። የአንዳንዶቹን የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ማገዱም ተጨማሪ ቅሬታ አስከተለ። ኩባንያው ሙከራው ሳያበቃ ፕሮግራሙ መኖሩን የሚያሳይ፣ ተጫዋቹም ሲፈልግ የሚያጠፋበትና ከኮምፒውተሩ የሚያስወግድበት ምልክት በስክሪኑ ግርጌ እንዲታይ አደረገ፤ በቫንጋርድ ላይ አደገኛ የደኅንነት ቀዳዳ ለሚያገኝ ሰውም እስከ 100,000 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ። ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ መነሳቱ አልቀረም። ሆኖም የኮምፒውተሩ ባለቤት የሚያየውና የሚያዝዝበት ነገር ሆነ፤ ይህ የመጣው ተጫዋቾች በጊዜው ስለጠየቁ፣ የተጠየቁትም ለማረም ጊዜ ስለነበራቸው ነው።

ባትልፊልድ የተባለው የጦርነት ጨዋታ ተጫዋቾች ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ሙከራ አይተዋል። ባትልፊልድ 2042 ለሕዝብ ሙከራ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለጥቂት ቀናት ሲሆን፣ ጨዋታው የወጣው ኖቬምበር 19 ነው። ለሙከራ የቀረበው ቅጂ ከወራት በፊት የተዘጋጀ መሆኑ ከሠሪዎቹ ተነገረ፤ ትርጉሙም ዛሬ የምታዩት ጉድለት ምናልባት ተስተካክሏልና ታገሡ ማለት ነበር። ተጫዋቾች ታገሡ። ጨዋታው ሲወጣ ግን በሙከራው ጊዜ ያነሷቸው ቅሬታዎች አብረው ወጡ። የለመዱት የነጥብ ሠንጠረዥና በጨዋታው ውስጥ በድምፅ መነጋገሪያው የመጡት በ2022 ነው፤ በየሙያው የተከፋፈለው የወታደሮች አደረጃጀት የተመለሰው ደግሞ በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው። ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው በሙከራ ወቅት የተናገረውን ነገር ከዓመት በኋላ ሲያገኝ፣ ያን ጊዜ የተናገረው ለማን ነበር ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ባትልፊልድ 6 ላይ ትምህርት የተወሰደ ይመስለኛል። በቁጥር የተወሰኑ ተጫዋቾች የሚሳተፉበት ዝግ ሙከራ ገና እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ወራት ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቶ፣ ለሁሉም የተከፈተው ሙከራ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ላይ በሁለት የሳምንት መጨረሻዎች ተደረገ። ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ መድረክ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ520,000 በላይ ሰዎች ገብተው ታይተዋል። ተጫዋቾች እየተንሸራተቱ መዝለል የተኩስ ውጊያውን እንዳበላሸው፣ ኤም 87 ኤ 1 የተባለው ሾትገን ከመጠን በላይ ኃይለኛ መሆኑን፣ የተከፈቱት ማፖች ጠባብ መሆናቸውን ተናገሩ። ሠሪዎቹም የመንሸራተትና የዝላዩን ፍጥነት እንደቀነሱ፣ ሾትገኑም ለመግደል ከቀድሞው የበለጡ የጥይት ፍሬዎች ዒላማውን መምታት እንዲያስፈልጋቸው እንዳደረጉ፣ ሰፋፊዎቹ ማፖች ከጨዋታው ጋር እንደሚመጡ ነጥብ በነጥብ መልስ ሰጡ። ጨዋታው መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲወጣ እነዚህን ለውጦች ይዞ ነው የወጣው። ሴኪዩር ቡት የተባለውን የኮምፒውተር መቼት ማስገደዱ የአሮጌ ማሽን ባለቤቶችን ደጅ ማስቀረቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ በሙያዬ የማየው ችግር ስለሆነ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመቱን ይዟል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የተኩስ ጨዋታ ለሁለት ቀናት ሙከራ በተከፈተ ጊዜ ፋይሉን ለማውረድ አንድ ሙሉ ሌሊትና ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ በመካከል መብራት ስለሄደ ከሁለቱ ቀናት የቀረው አንድ ምሽት ብቻ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ፣ «አጎቴ፣ እየው እንጂ! ግድግዳው ጀርባ ከገባሁ በኋላ ነው የሞትኩት» አለኝ። መጀመሪያ የተሸናፊ ሰበብ መስሎኝ ነበር። ሲደጋገም ግን ስልኬን አውጥቼ ስክሪኑን በዝግታ በሚያሳይ ቪዲዮ ቀረጽኩት። እውነቱን ነበር። ትከሻው ከግድግዳው ጥግ አልፎ፣ መላ አካሉ ተሸፍኖ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ይወድቃል። በስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታየው ፒንግ 140 ነበር።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት የታወቀ ነው። ፒንግ ከእኛ ኮምፒውተር የተላከ መልእክት ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ሲሆን፣ እዚህ 140 ሚሊሰከንድ ነበር፤ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚሠራ ሰርቨር በዚያ መሐል የጨዋታውን ሁኔታ ስምንት ጊዜ ያህል አድሷል ማለት ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመራችን በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶቻችን በኩል አልፎ ነው ከባሕር ሥር ኬብል የሚገናኘው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ነው። ርቀቱን ማንም ሊያሳጥረው አይችልም። ሠሪዎቹ የሚወስኑት ግን አንድ ነገር አለ። ተኳሹ ሲተኩስ በስክሪኑ ያየው ነገር ያለፈ በመሆኑ፣ ሰርቨሩ ጊዜውን ወደኋላ መልሶ «ይህ ሰው በተኮሰበት ቅጽበት ዒላማው የት ነበር?» ብሎ ያሰላል። ስንት ሚሊሰከንድ ወደኋላ ይመለስ የሚለው ሰዎች የሚያስቀምጡት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ከለላ የያዘ ሰው ይሞታል፤ ሲያንስ ደግሞ ከሩቅ የሚጫወት ሰው በትክክል ያነጣጠረው ጥይት ይባክናል። ይህን ቁጥር ለማስተካከል ከሰርቨሩ አጠገብ የሚኖር ተጫዋች የሚሰጠው ማስረጃ አይበቃም፤ እንደ እህቴ ልጅ ያለ፣ ከሩቅ የሚጫወት ልጅ ያስፈልጋል።

ያየነውን ለመንገር የአስተያየት መስጫ ቅጹን ከፈትን። የምትኖሩበትን ክልል ምረጡ ይላል፤ አውሮፓ አለ፣ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ አሉ፣ እስያ አለ፣ አፍሪካ የለም። «ሌላ» የሚለውን መርጠን ላክን። ጨዋታው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ወጣ፤ የግድግዳው ነገርም እንዳለ ነው። በሦስት ሳምንት ምን ሊታረም ይችል ነበር? ልጁ ያን ምሽት ለሠሪዎቹ ያለ ክፍያ ሠራተኛ ሆኖ ውሏል፤ የሰጠው ማስረጃ ግን ሊጠቅም በሚችልበት ጊዜ አልተፈለገም።

ይህን ስል ጥፋቱ ሁሉ የሠሪዎቹ ነው ማለቴ አይደለም። ልጆቹ በቴሌግራም በአማርኛ የሚነጋገሩትን አነባለሁ፤ ከሚነገረው የሚበዛው «ጌሙ ላግ ነው» (ይዘገያል)፣ «ሰርቨሩ አይረባም» የሚል ነው። ከዚህ ዓይነቱ ቁጣ አንድ መሐንዲስ ምንም ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ለእህቴ ልጅና ለሦስት ጓደኞቹ አንድ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋቸው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በዋይፋይ ወይም በሞባይል ዳታ መጫወታቸውን፣ ፒንጉን፣ በማፑ ላይ የነበሩበትን ቦታና ያዩትን ነገር በአንድ መስመር እንዲጽፉ ተስማማን። ከመካከላቸው ትንሹ፣ «የሞተው ሰው በእሱ ስክሪን ላይ ምን እንዳየ ካልጠየቅነው ግማሹ ጎደለ» ብሎ ሌላ ዓምድ ጨመረበት። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ክፍት ሙከራዎች ሲታወጁ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ቢያወጣ፣ ሙከራው ከመውጫው ቀን ስንት ሳምንት እንደሚቀድምም ቢጠቁም፣ ልጆቹ ሌሊታቸውንና የዳታ ገንዘባቸውን ለምን እንደሚያወጡ ያውቃሉ። በካሊፎርኒያ ሰዓት የተጻፈ ማስታወቂያ አሳስቷቸው ሙከራው ከተዘጋ በኋላ የደረሱ ልጆች በሱቄ አሉ።

ደብተሩ እስካሁን ሰባት ገጽ ሞልቷል። የዓምዱ አዘጋጅ ሊያየው ከፈለገ ይዤው ወደ ቢሯችሁ እመጣለሁ፤ ልጆቹም አብረውኝ ለመምጣት ፈቃደኞች ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ