የቤት አያያዝ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አስቤዛን ከምጣዱ መጀመር

የክበባችን አባላት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የያዝነው ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ወጪ ከማንም ጉርሻ ሳይነሣ በምን ዘዴ ይቀንሳል? በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ ዘይት የሚገዛ ሁሉ የጥያቄውን ምክንያት ስለሚያውቀው ማብራሪያ አላስፈለገም።

በመስከረም አባላቱ ከኢንተርኔት አውርደው ያመጧቸው የምግብ ዕቅድ ሰንጠረዦች ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሰባት ቀን፣ ሰባት የተለያየ እራት። እነዚህን ወደ ጎን ያደረግናቸው ለእኛ ቤት ስለማይሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ወጥ አንዴ ተሠርቶ ምሳም እራትም ይሆናል፣ አንዳንዴም ለማግስቱ ይሻገራል። ዛሬ የሚበላው እንጀራ ደግሞ ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት የተቦካ ሊጥ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰንጠረዥ ሦስት መስመር ብቻ ኖረው፤ የጋገራ ቀን፣ የድስት ቀን፣ የገበያ ቀን። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ከገበያው የሚጀምር ሰው የገዛውን ለመጨረስ ሲል ያበስላል፣ የማይበላውንም ይጥላል።

እስከ ኅዳር ድረስ ግን ምንም ዕቅድ አላወጣንም፤ መመዝገብ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ አባል በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረ፤ የተገዛ፣ የተበላ፣ የተጣለ። መጠኑ በኪሎ ወይም በቁጥር ይጻፋል፣ ብር ብቻውን አይበቃም። የተጣለው ነገር ለምን እንደተጣለ በአንድ ቃል ይገለጻል፤ ሻገተ፣ በቀለ፣ ኮመጠጠ፣ ተረፈ። ይህችን ሦስተኛ ዓምድ ሲያዩ «የቤታችንን ጉድ ልትጽፉ ነው?» ያሉ ወላጆች ስለነበሩ ደብተሩ ከቤት እንዳይወጣ፣ ወደ ክበቡ ድምሩ ብቻ እንዲመጣ ተስማማን። በተጣለው ዓምድ ላይ እየተመላለሱ የመጡት የሻገተ እንጀራ፣ የፈረጠ ቲማቲም፣ የገረጣ ጎመንና ለጾም ዋዜማ የተረፈ የፍስክ ወጥ ናቸው። የዓመቱ ሥራ ከነዚህ አራቱ የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

እንጀራው። በመጀመሪያ ቁጥሩ ይታወቅ። ሦስት አዋቂና ሁለት ልጆች ያሉበትን ቤት እንውሰድ። በአንድ ማዕድ ለአዋቂ አንድ፣ ለልጅ ግማሽ ቢታሰብ አራት እንጀራ ነው፤ ምሳና እራት ሲደመር በቀን ስምንት። ቅዳሜ ጠዋት የሚጋገረው ለቅዳሜ፣ ለእሑድና ለሰኞ 24 ይሆናል። ሰኞ ማታ የሚጋገረው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ላሉት አራት ቀናት 32 ነው። በያንዳንዱ ጋገራ ላይ ሦስት እንጀራ ለእንግዳ ይጨመራል፤ ካልመጣ ለቁርስ ፍርፍር ይውላል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ግን ከሰው ተጠይቆ የሚታወቅ አይደለም። እንደ ምጣዱ ስፋት፣ እንደ ሊጡ ቅጥነትና እንደ ጋጋሪዋ እጅ ይለያያል። ዱቄቱን መዝኖ ማቡካት፣ የወጣውን እንጀራ ቆጥሮ ለኪሎው ማካፈል፣ ውጤቱንም ዱቄት ዕቃው ላይ መለጠፍ ይበቃል።

ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈልግ የቅዳሜው ረቡዕ ማታ፣ የሰኞው ዓርብ ማታ ይቦካል። በጋገራው ቀን ከላይ ያቀረረው ውኃ ተደፍቶ አብሲት ይጣላል፣ ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይሰማል። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ምጣድ መስማት የመብራት ወጪውን ያንረዋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ ገና እስኪሰማ የሚበላው ኃይል ደግሞ አንድም እንጀራ የማይወጣበት ነው። በጋገራው ቀን መብራት ከጠፋ ሊጡ እንዳይኮመጥጥ ያቀረረው ውኃ በየዕለቱ ተደፍቶ በንጹሕ ውኃ ይተካል። አብሲት ከተጣለ በኋላ ከጠፋ ግን ሊጡ ብዙ አይጠብቅም፤ በከሰል ወይም በእንጨት ምጣድ መጨረስ ነው።

እንጀራ የሚሻግተው ስለቆየ ብቻ አይደለም። ትኩሱ በትኩስ ላይ ሲደራረብ እንፋሎቱ ወደ ውኃነት ተለውጦ መሐል ለመሐል ይቀራል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይነሣል። እያንዳንዱ በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ እንፋሎቱ ሳያልቅ ወደ መሶብ መግባት የለበትም። የመሶቡ ጨርቅ በየጋገራው ይቀየር። ድርቆሽ የሚሰጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ነጥብ ሳይታይበት ነው። የሻገተውን ፍቆ ድርቆሽ ማድረግ ቁጠባ አይባልም፤ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው በላይ ዘልቆ ይገባልና ይጣል።

ጤፍን ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ ወጪ ይቀንሳል፣ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ማሽላ ወይም ሩዝ የበዛበት እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። ሦስት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ማሽላ ተይዞ ለቅዳሜው አጭር ዙር ቢውል ጥሩ ነው። አራት ቀን ለሚቆየው የሰኞ ጋገራ ጤፉ ብቻውን ይሁን። ድብልቁን ለረጅሙ ዙር ያዋለ ቤት በዱቄቱ ያተረፈውን በደረቀ እንጀራ መልሶ ይከፍላል።

ድስቱ። የኦርቶዶክስ ተከታይ በሆነ ቤት ረቡዕና ዓርብ የፍስክ ወጥ ቢተርፍ የሚበላው የለም። ታዲያ ትልቁ የፍስክ ድስት ለምን ማክሰኞ ይጣዳል? ቦታው ቅዳሜ ነው፤ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት እሑድንና ሰኞን ይሻገራል፣ ማክሰኞ ምሳ ላይ የተረፈ ካለ ያልቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሥጋ ወጥ ከአንድ ቀን በላይ አይታቀድ። ማክሰኞ ማታ የሚጣደው የጾም ድስት ይሁን፤ እራት ሆኖ ለረቡዕ ይተርፋል። ሐሙስ መካከል ላይ ያለ ቀን ስለሆነ በሰው ቁጥር የሚሠራ ነገር ይሻለዋል፤ እንቁላል ለዚህ ተስማሚ ነው፣ ተቆጥሮ ተሰብሮ ተበልቶ ያልቃል። በጾም ለማይታሰሩ ቤቶች ሰንጠረዡ ይቀላቸዋል። ቢሆንም የጥራጥሬ ቀን ለይተው ካልመደቡ በየዕለቱ እንቁላልና ሥጋ ሲገዙ ይከርማሉ።

ቁሌቱን በአንድ ጊዜ መሥራት ጊዜም ዘይትም ያተርፋል። ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ተከትፎ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እየተደረገበት በውኃ ብቻ ይቁላላ። ሽንኩርቱ ሟሙቶ መጠኑ ሲወርድ ዘይትና በርበሬ ይገባል። ዘይቱ መጀመሪያ ከገባ ሽንኩርቱ ይመጥና ሌላ ይጠይቃል። ቁሌቱ ሥጋም ቅቤም ሳይነካው ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ለቅዳሜው ሥጋ፣ ሌላው በክዳን ዕቃ ማቀዝቀዣ ገብቶ ለማክሰኞው ምስር። ቅቤው ቀድሞ ከገባ ወይም ሥጋ ያማሰለ ጭልፋ ከተነከረበት የጾሙ ድርሻ ጾም መሆኑ ይቀራል፣ ሌላ ቁሌት ሊሠራ ነው።

ለአንድ ሰው ለአንድ ማዕድ ከ60 እስከ 70 ግራም ደረቅ የምስር ክክ፣ ለሽሮ ከ30 እስከ 40 ግራም ዱቄት ይበቃል። አባላቱ ይህን በቤታቸው ኩባያ እየመዘኑ «ሁለት ተኩል ኩባያ» የሚል ምልክት አወጡ፤ ወጥ ሠሪዋ ግራም ስትቆጥር አትውልም። ሽምብራና ባቄላ ማታ ተዘፍዝፎ ቢያድር ማብሰያው በእጅጉ ያጥራል፤ በከሰል ለሚያበስል ቤት ይህ ከእህሉ ዋጋ የማይተናነስ ነው።

ገበያው። ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ የስፕሪንግ ሚዛን ተውሰን በእሑድ ገበያና በጉልት ተዟዟርን። ሚዛኑ የሚያነበው በኒውተን ስለሆነ ለ10 እያካፈልን ወደ ኪሎ እንመልሳለን፤ 8 ኒውተን 800 ግራም ገደማ ነው። ለማሳያ አንድ መደብ ድንች 50 ብር ቢባልና 800 ግራም ቢመዝን ኪሎው 62 ብር ከ50 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ከጎኑ በኪሎ 58 ብር የሚሸጠው ውድ መስሎ ታልፏል። መደብ ሁልጊዜ ውድ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ማታ ሊዘጋ ሲል ከኪሎው የሚረክስበት ጊዜ አለ፣ ልዩነቱ የሚታወቀውም ሲመዘን ነው። ሲገዛ የሚታየው የመደቡ ፊት ነው፤ ከሥር ያለው ጭቃ የያዘ ወይም ትንንሹ ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ሽንኩርት በኪሎ ቢረክስም ልጣጩ ይበዛል። ጣሳም እንደዚሁ ነው፤ ተጠቅጥቆ የተሞላ የሽሮ ጣሳና ላላ ያለው አንድ አይመዝኑም። ሻጮች መደባቸው ላይ ሚዛን ሲቀርብ ደስ ስለማይላቸው ከተገዛ በኋላ ዘወር ብሎ መመዘን ጨዋነት ነው።

ዘይት በትንሽ ፕላስቲክ ከሱቅ ሲገዛ ሊትሩ ከባለ 5 ሊትሩ ጄሪካን ይበልጣል። ጄሪካኑን በአንዴ መግዛት የማይችሉ ሦስት ጎረቤቶች አዋጥተው ገዝተው በሊትር መለኪያ ቢካፈሉ ጥሩ ነው፤ በዓይን መካፈል ግን ጉርብትናን ያሻክራል። አንድ ሊትር ለሳምንት ሲመደብ በቀን 140 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ጄሪካኑ ቁም ሳጥን ይግባ፣ ምድጃው አጠገብ የምትቀመጠው የሳምንቱ ጠርሙስ ብቻ ትሁን። ጠርሙሷ ሐሙስ ካለቀች የት እንደሄደ ዓርብ ጠዋት ይጠየቃል።

አቀማመጥን ባጭሩ፦ ድንችና ሽንኩርት በአንድ ቅርጫት አይቀመጡ፣ ድንቹ ቶሎ ይበቅላል፣ ሽንኩርቱም ርጥበት ያገኘዋል። ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነው ክፍል መራራና ጎጂ ነው። ቲማቲም ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ከዋለ ያልበዋል፣ በሰፌድ ተዘርግቶ የበሰለው ይቅደም። ጎመን ሳይታጠብ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል። ነቀዝ ያየ ሽምብራ ፀሐይ ይሰጣ፣ ተነፍቶ አየር በማያስገባ ዕቃ ይግባ፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ አይገልበጥ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሰንጠረዡን የፈተነው የካቲት ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጀመረ። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ተማሪዎች ሁለት የተለያየ ዕቅድ ያስፈልጋቸው ነበር፣ ግን ሁለቱም ምስርና ዘይት ይፈልጋሉ። ጥራጥሬው አዝመራው እንደገባ፣ በጥር፣ የሁለት ወሩ እንዲገዛ የመከርነው ለዚህ ነው። በረመዳን ወጪው የሚያሻቅበው ከአፍጥር በፊት ባለው ሰዓት ገበያ ሲወጣ ነው፤ የራበው ሰው ዓይን ሁሉንም ይገዛል። የሳምቡሳው ምስር፣ የሾርባው እህልና ቴምሩ ለሳምንት ተመዝነው ቢገቡ የየቀኑ ገበያ አይኖርም። በጾሙ ቤት ደግሞ 55 ቀን ሙሉ የፍስክ ቀን ስለሌለ ቁሌቱን ለሁለት መክፈል አያሻም። ችግሩ መሰልቸት ነው፤ የተሰለቸ ሽሮ ይተርፋል። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር አልጫ፣ ድንችና ካሮት፣ ሱፍ ፍትፍት እየተፈራረቁ አንዱ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመጣ ማድረግ ነው።

ለፋሲካ፣ ሚያዝያ 12፣ ዝርዝሩ በሦስት ተከፈለ። በርበሬና ንጥር ቅቤ ወር ቀድሞ፤ ሽንኩርትና እንቁላል ሁለት ሳምንት ቀድሞ፤ ዶሮና ሥጋ በዋዜማው። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት ስለሚፈልግ በዋዜማው ገበያ ከዶሮው ቀጥሎ ኪስ የሚያራግፈው እሱ ነው። ቀድሞ የሚገዛው ሽንኩርት አንገቱ የደረቀ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ ይሁን፤ እርጥቡ ሁለት ሳምንት አይቆይም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ሰንጠረዡ ሃምሳ ቀን ተለውጦ፣ ሰኔ 2 የሐዋርያት ጾም ሲገባ ወደ ጾም ዙሩ ተመለሰ።

ክበቡ መልስ ያላገኘለት ጉዳይ አለ፤ በቀን ሥራ የሚተዳደር ቤት የሳምንቱን በአንዴ የሚገዛበት ብር የለውም። ለነዚህ ቤተሰቦች የጋገራውና የድስቱ መስመር ይሠራል፣ የገበያው መስመር ግን በሁለትና በሦስት ቀን መከፈል አለበት። በዱቤ ከሚገዛበት ሱቅ ዋጋ መከራከርም ቀላል አይደለም።

ለክረምቱ አባላቱ የያዙት መመሪያ አጭር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ሊጡ አንድ ቀን ይጨምራል፣ እንጀራው ግን ቶሎ ይሻግታል፤ አራት ቀን የነበረው ዙር ወደ ሦስት ይውረድ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ የጥራጥሬው ግዢ በሐምሌ መጨረሻ ይጠናቀቅ። ባዶ ሰንጠረዡ በቤተ መጻሕፍቱ ተባዝቶ ተቀምጧል። ሚዛኑ ለፊዚክስ ክፍል ተመልሷል፤ ለ2018 የክበቡ የራሱ ባለ 5 ኪሎ የኩሽና ሚዛን እንዲገዛ ለአስተዳደሩ ጥያቄ አቅርበናል።