ኮምፒውተርሽን ለማምጣት ስለ መውረድሽ

ጎንደር፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ክረምቱ ግን ጠንቷል፤ ልብስ የሚደርቅበት ቀን ጠፍቷል። ዛሬ ከመድኃኔ ዓለም ተመልሼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ።

የምጽፍልሽ ረቡዕ፣ አንቺ ባለሽበት በጃፓን ኢዋቴ ጠረፍ የሱናሚ፣ ማለት ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚነሣ የባሕር ማዕበል፣ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ዕለት፣ በስልክ የጀመርሁትን አባትሽ ስላላስጨረሰኝ ነው። ገና «ስሚኝ» ከማለቴ ስልኩን ነጥቆ ምን እንደ በላሽ ይጠይቅሽ ጀመር። እንኳን ደኅና ሆንሽ። ነገር ግን «እማዬ፣ ሦስት ሜትር ይመጣል ብለው አስፈራርተው አንድ ሜትር ከሠላሳ ሆኖ ቀረ፤ ቀኑን ሙሉ ኮረብታ ላይ ፀሐይ አስመቱን» ያልሽው አልተዋጠልኝም። የባሰው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ኮምፒውተርሽን ለማምጣት ወደ ቤት ወርደሽ መመለስሽ ነው። ይህንንም እንደ ጀብዱ ነገርሽኝ!

እናትሽ ጂኦግራፊ ስታስተምር እንደ ኖረች ረስተሻል መሰለኝ። ማዕበሉን ያስነሣው፣ ሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ ካምቻትካ ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 8.8 ነበር። እንዲህ ያለው ሲመጣ የባሕሩ ወለል ራሱ ስለሚነሣና ስለሚሰምጥ፣ በላዩ ያለው ውኃ ከታች እስከ ላይ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ማዕበሉ ጥልቅ ባሕር ላይ በሰዓት እስከ 800 ኪሎ ሜትር ሲበር በመርከብ ላይ ያለ ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል፤ ጠረፍ ሲቃረብ ነው ፍጥነቱ ቀንሶ ቁመቱ የሚጨምረው። አንድ ሜትር ከሠላሳውን ነፋስ እንደሚያነሣው ሞገድ አድርገሽ አትቁጠሪው። ይኸኛው መጥቶ ወዲያው አይመለስም፤ ለብዙ ደቂቃ ወደ የብስ ይገፋል። ጉልበት የማይደርስ ውኃ እንኳ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። የመጀመሪያውም ብዙ ጊዜ ትልቁ አይደለም፤ የሚቀጥለው ለመድረስ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አንቺ የወረድሽው በዚያ መካከል ነው። «ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር» ስትዪኝ የታወሰኝ የእኛው የአንገረብ ወንዝ ነው፤ እዚህ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ከላይ የዘነበው ድንገት ደርሶ ከብቱን ጠርጎ ሲወስድ።

የካቲት 30 ቀን 2003 ዓ.ም. አሁን ካለሽበት ጠረፍ ማዶ ከ7 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ነበር። ማሳሰቢያ ወጣ፤ የመጣው ውኃ ግን ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ሆነ። ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። ዐርብ፣ መጋቢት 2፣ 9.0 መጣ፤ ከ18 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ ጠፋም። በዚያ ዐርብ «ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ብለውን ነበር» ያለ ሰው የጠፋ ይመስልሻል?

እዚያው ኢዋቴ ውስጥ አኔዮሺ የሚባል መንደር አለ። ከ1925ቱ ማዕበል የተረፉት ሰዎች ከዚህ በታች ቤት እንዳትሠሩ ብለው ድንጋይ ላይ ቀርጸው ተከሉ። ልጆቻቸውም ሰሙ። በ2003 ውኃው አቀበቱን ወጥቶ ከድንጋዩ በታች ቆመ፤ ቤቶቹ ተረፉ። እስከ አሁን ሄደሽ ካላየሽው ሂጂና እዪው።

የሚነግራቸው ያጡትንም አስቢ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሱማትራ የተነሣው ማዕበል ሶማሊያ ለመድረስ ሰዓታት ፈጅቶበታል። በሕንድ ውቅያኖስ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ስላልነበረ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ጎረቤቶቻችን አለቁ። አንቺን ግን በድምፅ ማጉያም በስልክም ለምነውሻል፤ ባሕር ዳር ለሚዋኘውም ቀይና ነጭ ባንዲራ ያውለበልባሉ።

የሰፈራችንን ነገር ብታዪ ትስቂ ነበር። ረቡዕ ማለዳ አንዷ ጎረቤት «ጃፓን ሰጠመች» እያለች ገባች፤ ቡናው ሳይፈላ ቤቱ በሴት ሞላ። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ተቀምጠን ለሱናሚ አለቀስን። ዕለቱ ጊዮርጊስ ነበርና የተሳለችም አለች፤ ስለቱን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

ከእንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ፓስፖርትሽንና መድኃኒትሽን በአንድ ቦርሳ በር አጠገብ አስቀምጪ። ማስጠንቀቂያው ሲሰማ ለእኔም አትደውዪ፤ መጀመሪያ ውጪ። «ደረስሁ» የምትል አንዲት መልእክት ትበቃኛለች። ተነሥቷል እስኪባል አትውረጂ፤ የረቡዕ ዕለቱ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ አልተነሣም ነበር። በርበሬና ሽሮ ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሻለሁ፤ እሱንም ቢሆን ትተሽ ሩጪ፣ በርበሬ እንደገና ይፈጫል።

ዕረፍት ስታገኚ ከቤትሽ እስከ ኮረብታው በእግርሽ ሂጂ፤ አንድ ቀን ደግሞ በጨለማ ሞክሪው። ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀብሽ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጊ።

እናትሽ