ጀርባሽን የማጥብበት ቤት

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሳይታማ፣ ጃፓን

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ይሄን የሚያነብልሽ ወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ። አንተ ልጅ፣ እባክህ ሳትዘልና ሳትቸኩል አንብብላት።

ባለፈው በስልክ ስናወራ ብርዱ ገብቶ ጉልበትሽን ሌሊት ሌሊት እንደሚጠዘጥዝሽ ነገርሽኝና «እዚያ አገር ፍል ውሃ የለም ወይ?» አልሽኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ «አለ፣ ሞልቷል» ብዬ ዘጋሁት። ጥያቄሽ ግን ከልቤ አልወጣ አለ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ሄድኩ። አንቺን ይዤ ከመሄዴ በፊት መንገዱን፣ ደረጃውን፣ ውሃውንና ምግቡን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

የሄድኩበት ቦታ ሺማ ይባላል። ጉንማ በሚባለው አውራጃ፣ በተራሮች መሃል፣ ወንዝ ተከትሎ የተደረደረ ትንሽ መንደር ነው። ከቶኪዮ ናካኖጆ እስከሚባለው ጣቢያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው። የስሙ አጻጻፍ «አርባ ሺህ» ማለት ነው፤ ውሃው አርባ ሺህ በሽታ ይፈውሳል ከሚል አፈ ታሪክ የመጣ ነው። ድሮ አንድ የጦር ሰው ሌሊቱን ተቀምጦ ጸሎቱን ሲደግም የተራራው መንፈስ በሕፃን አምሳል ተገልጦ ምንጩን እንደሰጠው ይናገራሉ። ይሄን ስሰማ አንቺ ስለ ጠበል የምትነግሪን ታሪኮች መጡብኝ። እነዚያም ላይ ምንጩ የሚገለጠው ሌሊት ለሚጸልይ ሰው ነበር።

ደግሞ ውሃውን መታጠብ ብቻ ሳይሆን ይጠጡታልም። መንደሩ ውስጥ መጠጫ የተሠራለት ቦታ አለ፤ እኔም ጠጣሁት፣ ለብ ያለና ጨው ጨው የሚል ነው። በድሮ ጊዜ ገበሬዎቹ እህላቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ስንቃቸውን ይዘው እየመጡ እዚህ ይሰነብቱ ነበር። አንድ ዙር የሚባለው ሰባት ቀን ነው፤ ሕመሙ የጸናበት ሦስት ዙር፣ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። ሰባት ቀን፣ እማዬ! ልክ እንደኛ ጠበል። ከመንደሩ ጫፍ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1598 የተሠራ የሣር ክዳን ያለው የቡድሃ መቅደስ አለ፤ ሕሙማን የሚማጸኑበት ነው። አንቺ እንደማትገቢበት አውቃለሁ። ክዳኑን ግን ከውጭ ሆነሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ፤ ወፍራምና የተከረከመ ነው፣ የአያቴን ቤት ያስታውስሻል።

አሁን ስላደርኩበት ቤት ልንገርሽ። እንዲህ ዓይነቱን የእንግዳ ማረፊያ ርዮካን ይሉታል። እንደ ሆቴል አልጋ ሰጥተው፣ ቁልፍ አስይዘው የሚተዉሽ አይደለም። በር ላይ ጫማሽን ታወልቂያለሽ፤ የቤቱ እመቤት ተንበርክካ ትቀበልሻለች። ክፍሉ ታታሚ በሚባል ወፍራም ሰሌን የተነጠፈ ነው። ስትገቢ በዓውደ ዓመት ቤት ውስጥ የተጎዘጎዘ ቄጠማ የሚሸተው ዓይነት ሽታ አለው። ሻይ ይቀርብልሻል፤ ዩካታ የሚባል የጥጥ ልብስ ይሰጥሻል። ሲለበስ የግራው ወገን ከላይ መሆን አለበት፣ የቀኙ ከላይ ከሆነ የሬሳ አለባበስ ነው። እኔ በስህተት ገልብጬ ለብሼ ስወጣ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አስቁመው፣ ቀበቶዬን ፈትተው፣ በገዛ እጃቸው አስተካከሉልኝ። ነጠላ አዘቅዝቃ ወደ ሰርግ ልትሄድ የተነሳች ልጅ ብታዪ አንቺም እንዲሁ ነበር የምታደርጊው።

እራት በልተሽ ስትመለሺ መኝታው ወለሉ ላይ ተነጥፎ ይጠብቅሻል። አንቺ ግን ከወለል መነሳት እንደማትችዪ ነግሬያቸው፣ አልጋ ያለው ክፍል ምድር ቤት እንዳላቸው አሳዩኝ። ምግቡም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይበላል።

ስለ ምግቡ ብዙ ተጨንቄ ነበር። በትንንሽ ሳህን፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው እየተተካ ነው የሚቀርበው። የወንዝ ዓሣ በእንጨት ተወግቶ በጨው ተጠብሶ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ፣ የተራራ ቅጠላ ቅጠል፣ እንጉዳይ፣ ከዚያ ደግሞ ኮንያኩ። ይሄ ከሥራ ሥር ዱቄት የሚሠራ፣ ጥርስ ላይ ላስቲክ ላስቲክ የሚል ምግብ ሲሆን የጃፓን ኮንያኩ አብዛኛው የሚበቅለው እዚሁ ጉንማ ነው። ስታዪው ለጾም የተሠራ ይመስልሻል። ነገር ግን እዚህ አገር የአትክልት ሾርባ ያሉሽ እንኳ መረቁ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀዳ ነው። አንቺ በጾም ዓሣ እንደማትቀምሺ ስለማውቅ ወጥ ቤቱን ጠየቅኋቸው፤ ከባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ብቻ መረቅ ሊሠሩልሽ እንደሚችሉ ነገሩኝ። ቢሆንም ከፋሲካ በኋላ ብትመጪ ይሻላል። ሳይታማ የቼሪ አበባው አምሮ የሚፈካው በሁዳዴ ስለሆነ እሱ ያመልጥሻል፤ በግንቦት ግን ተራራው ሁሉ አዲስ ቅጠል ያወጣል።

ዋናው ነገር መታጠቢያው ነው። የጃፓን ሰዎች ፍል ውሃ የሚገቡት ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ፣ ራቁታቸውን አብረው ነው። ገንዳው የመነከሪያ ነው፤ ሰውነትሽን ከውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ በሳሙና ታጥበሽ፣ በደንብ ተለቃልቀሽ ነው የምትገቢው። አንቺ በማታውቂያቸው ሴቶች ፊት ልብስሽን እንደማታወልቂ አውቃለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ልነግርሽ ስፈልግ እጄ ይከብደኛል።

ሺማ ከመሄዴ በፊት፣ ቤቴ አጠገብ ወዳለ አንድ የሕዝብ መታጠቢያ ጎራ ብዬ ነበር። ለእናቴ ነው ብዬ ፎቶሽን በስልኬ ለእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ አሳየኋት፤ ያንን በመስቀል ዕለት የተነሳሽውን። ልጅቷ አየችው፣ ፈገግ አለች፤ ከዚያ አንገትሽን አየች። ሁለት ክንዷን ደረቷ ላይ አመሳቀለች። እዚህ አገር «አይቻልም» ማለት ነው። ንቅሳት ያለበት ሰው አናስገባም አለችኝ። ትንሽ ከሆነ በፕላስተር ይሸፈናል፣ ይሄ ግን ብዙ ነው አለች። በጨዋነት ነው የተናገረችው፤ ጎንበስ ብላም ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ከወጣሁ በኋላ ብስክሌቴን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ በአንቺ የመጣ እንዳይመስልሽ። እዚህ አገር ንቅሳት የሽፍቶችና የወሮበሎች ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1872 እስከ 1948 ድረስ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ክልከላው ቢነሳም ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም። ደግሞ እኮ ከራሳቸው ሴቶች የሚነቀሱ ነበሩ! በሰሜን በኩል አይኑ የሚባለው ነባር ሕዝብ ሴቶች ከንፈራቸውን ዙሪያ ይነቀሱ ነበር። በደቡብ በኦኪናዋ ደግሞ ሴቶች የእጃቸውን ጀርባና ጣታቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ላገባች ሴት ክብርና ጌጥ ነበር። እሱንም በ1899 ከለከሉት። የእነዚያን አሮጊቶች እጅ በፎቶ ሳይ የአንቺን አንገት ነው ያየሁት።

እማዬ፣ አንድ ነገር ይቅር በይኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የወላጆች ስብሰባ ቀን «ነጠላሽን ወደ ላይ ሳቢው» ያልኩሽን ታስታውሻለሽ? አንቺ ምንም ሳትዪ ሳብሽው። ልጆቹ ባላገር እንዳይሉሽ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየፎቶው አንገትሽ ተሸፍኖ ነው የማየው፤ በመስቀሉ ፎቶ ንፋሱ ነጠላሽን ባይወስደው ኖሮ እሱም አይታይም ነበር።

አንገትሽን ገልጠሽ በነፃነት ያየሁሽ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፍል ውሃ። ቲኬት ቆርጠን አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ እግሬን አወዛውዝ ነበር። ተራችን ሲደርስ በሩን ከውስጥ ትቀረቅሪና ነጠላሽን ሰቅለሽ፣ እንፋሎቱ ውስጥ ቀና ብለሽ ትቆሚያለሽ። እኔ በጣቴ የአንገትሽን ንቅሳት መስመር በመስመር እየተከተልኩ እቆጥር ነበር። አንቺም በመርፌና በጥላሸት ሲነቅሱሽ አያቴ እጅሽን ይዘው ምን እንዳሉሽ ትነግሪኝ ነበር። ከዚያ ጀርባዬን አሽተሽ፣ አሽተሽ ታጥቢኝ ነበር።

ስለዚህ የፈለግኩት በሩ ከውስጥ የሚዘጋ ቤት ነበር። ሺማ አገኘሁት።

ያደርኩበት ርዮካን ከጋራው መታጠቢያ ሌላ ለብቻ የሚያዙ ሁለት ክፍሎች አሉት። እንዲህ ዓይነቱን «ካሺኪሪ» ይሉታል፤ የቤተሰብ መታጠቢያም የሚሉት አሉ። በሩ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ተንጠልጥሏል፤ ስትገቢ ትገለብጪዋለሽ፣ ሰው እንዳለ ያሳያል። ከዚያ ከውስጥ መቀርቀር ነው። ማንም «ንቅሳት አለሽ ወይ» አይልሽም፣ ማንም አያይሽም። ተጨማሪ ክፍያም የለውም።

ውስጡን ልንገርሽ። መጀመሪያ ልብስ ማውለቂያ ጠባብ ክፍል አለ፤ ማሞቂያ አለው፣ ይሄን አረጋግጫለሁ። ገንዳው ከእንጨት የተሠራ ነው። ሂኖኪ ይሉታል፣ የጥድ ዘመድ ነው፤ እንፋሎቱ ሲነካው ሽታው ደረት ይከፍታል። ውሃው ከግድግዳው በእንጨት አሸንዳ ይወርዳል። አሸንዳው አፍ ላይ ማዕድኑ ከጊዜ ብዛት ነጭ ቅርፊት ሆኖ ተጋግሯል፤ በጥፍሬ ነካሁት፣ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ውሃው አይቆምም፣ ሌሊትም ቀንም ይፈስሳል። ስትገቢ በጠርዙ ሞልቶ ወለሉ ላይ ይደፋል፤ «ባከነ» ብለሽ እንዳትደነግጪ። በመስኮቱ ወንዙ ይታያል። እኔ ስገባ ከወንዙ ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠሉ በሙሉ ቀይ ነበር፤ አንዷ በመስኮቱ ገብታ ውሃው ላይ አረፈች። ወስጄ መጽሐፍ ውስጥ አደረቅኋት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፣ ወንድሜ ከፖስታው ሥር ይፈልግልሽ።

መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃ አለ፣ መደገፊያ ብረትም አለው። ነካክቼ፣ ተንጠልጥዬ ሞከርኩት፣ አይነቃነቅም።

አሁን በደንብ ስሚኝ፣ አረጋውያንን ማጠብ ሥራዬ ነውና ይሄን አውቀዋለሁ። የገንዳው ውሃ 41 እና 42 ዲግሪ ነው፣ ለደም ግፊት ቀልድ አይደለም። እዚህ አገር በክረምት ከብርድ ክፍል ወጥተው ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘው ሲሉ ራሳቸውን ስተው የሚሞቱ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ እግርሽ ላይ፣ ከዚያ ትከሻሽ ላይ እያፈሰስኩ አለማምድሻለሁ። እስከ ወገብሽ ብቻ ትገቢያለሽ፤ ከአሥር ደቂቃ አናልፍም፤ ወጥተሽ ውሃ ትጠጪያለሽ። ምግብ እንደበላን አንገባም። ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ ሐኪምሽን ጠይቂው፤ «ምንም አይለኝም» ብለሽ እንዳታልፊው።

እዚህ አገር ልጅ የእናት የአባቱን ጀርባ ማጠቡ ትልቅ የፍቅር ነገር ነው። እኔ በመጦሪያው ቤት በቀን ስድስት፣ ሰባት ሰው አጥባለሁ። የጎበጠ ጀርባ፣ የቀዶ ጥገና ጠባሳ፣ ቆዳቸው እንደ ወረቀት የሳሳ እጆች። ሁሉም የሰው እናት፣ የሰው አባት ናቸውና በፍቅር ነው የማጥባቸው። አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ውሃውን ሳፈስላቸው «እናትሽ ደህና ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። ደህና ናት እላለሁ። ከዚያ ፎጣውን ስጨምቅ፣ የእኔን እናት ጀርባ ማን እያጠበው ነው እያልኩ አስባለሁ። አሥር ዓመት ሆነኝ፣ እማዬ።

የጉዞውን ጣጣ ለእኔ ተዪው። የግብዣ ወረቀቱን ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል አድርጎ ቶኪዮ አጠገብ ያለው ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርስሻል፤ ተሽከርካሪ ወንበር አስይዝልሻለሁ፣ መውጫው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። በርበሬና ሽሮ ትይዢያለሽ ብዬ አልከለክልሽም፣ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ሽንጥሽን እንዳያምሽ ግን አንድ ሻንጣ ብቻ ይሁን።

ፓስፖርትሽ ጊዜው አልፎበታልና ወንድሜ በዚህ ሳምንት ወስዶ ያሳድስልሽ። ፎቶ ስትነሺ ነጠላሽን ከአንገትሽ አውርጂው።

ልጅሽ