ለአባባ፣ ከካፔሶቮ

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማሙሽ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ። እየዘለለ እንዳያነብ አደራ፤ ስለ ሙያዎ ስለ ግንብ ስለሆነ አንድም እንዲያመልጥዎ አልፈልግም።

አሁን አቴንስ አይደለሁም። የምንከባከባቸው እማማ የሐምሌን ሙቀት ስለማይችሉት ወደ ትውልድ መንደራቸው ይዘውኝ መጥተዋል። ካፔሶቮ ይባላል። በግሪክ ሰሜን ምዕራብ፣ ዛጎሪ የሚሉት ተራራማ አገር ውስጥ ነው። ዛጎሪ 46 መንደሮች አሉት፤ ይሄ አንዱ ነው። ብርዱ ልክ የላስታ ብርድ ነው፤ የላኩልኝ ጋቢ እዚህ ነው ሥራ ያገኘው።

ቤቱም፣ አጥሩም፣ መንገዱም፣ ጣሪያውም ድንጋይ ነው። ጣሪያ እንዴት ድንጋይ ይሆናል ይሉኝ ይሆናል። በስሱ የሚሰነጠቅ ግራጫ ድንጋይ አላቸው። ጠንካራ የእንጨት ተሸካሚ ይሠሩና አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ ይደረድሩታል። በክብደቱ ነው ረግቶ የሚቀመጠው። ግድግዳው ክንድ ተኩል ያህል ይወፍራል። በየተወሰነ ከፍታው ግንቡ ውስጥ አግድም እንጨት ያስገባሉ፤ ምድር ሲንቀጠቀጥ ግንቡን አስሮ እንዲይዘው ነው። ይምርሃነ ክርስቶስን ሲሳለሙ እንጨትና ድንጋይ ተፈራርቆ ያዩትን ያስታውሱ። ነገሩ ያ አይደለም፤ ብልሃቱ ግን ይቀራረባል።

ምድር ቤቱ ለከብትና ለእህል ነው፤ ሰው ፎቁ ላይ ይኖራል። በውጭ በኩል መስኮት አይበዛም። የግቢው አጥር ረጅም ነው፤ በሩም የራሱ የድንጋይ ጣሪያ አለው። ሽፍታ ይፈሩ ነበር።

የገነቡት የመንደሩ ሰዎች አይደሉም። ከዚህ በስተሰሜን ከኮኒጻ አካባቢ የሚመጡ ግንበኞች ነበሩ። በጸደይ በቡድን ሆነው ይወጣሉ፤ ጠራቢው፣ ገንቢው፣ ጭቃ አቀባዩ ልጅ፣ በቅሎው ሁሉ አብሮ። በረዶ ሳይጥል አገራቸው ይገባሉ። የራሳቸው ሚስጥራዊ ቋንቋም ነበራቸው፤ ባለቤቱ አጠገባቸው ቆሞ እያለ ስለ እሱ ያወሩበታል። እርስዎና ጓደኞችዎ በዓይን ጥቅሻ ብቻ ትግባቡ አልነበር? እነሱ ብሰውባችኋል።

ገንዘቡ ከየት መጣ ካሉ፣ ከስደት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ1430 ዮአኒና የምትባለው ከተማ ለቱርክ እጅ ስትሰጥ የዛጎሪ ሰዎችም ተስማምተው ገቡ፤ በምላሹም ራሳቸውን የማስተዳደር መብት አገኙ። ቱርክ መንደራቸው ውስጥ አልተቀመጠባቸውም። መሬቱ ግን ጭንጫ ነው፤ አያበላም። ስለዚህ ወንዱ ሁሉ ለንግድ ወጣ። ሩማንያ፣ ሩሲያ፣ ቁስጥንጥንያ፣ ግብፅ ድረስ። ሚስት ልጅ እያሳደገች ለዓመታት ትጠብቃለች፤ ገንዘብ ሲመጣ ቤት ይሠራል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፣ ድልድይ ይሠራል።

ድልድዮቹን ቢያዩ እንቅልፍ አይወስድዎትም ነበር። እዚሁ አቅራቢያ ኪፒ የሚባል መንደር አለ። በ1750 የተሠራው ኮኮሪ ድልድይ በሁለት ገደል መሃል በአንድ ቅስት ብቻ ቆሟል። ሌላው ሦስት ቅስት አለው፤ የ1814 ሥራ ነው። ብረት የለም፣ ሲሚንቶ የለም። ከእኛ በላይ ደግሞ ቭራዴቶ አለ፤ 1,340 ሜትር ላይ፣ ከሁሉም ከፍ ያለው መንደር። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ወደዚያ የሚያስወጣው መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነበር። ሙሽራም አስከሬንም በዚያው ነበር የሚያልፈው። እኔ ወጣሁት፤ ጉልበቴ ግን እስካሁን ይረግመኛል።

ካፔሶቮ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሕንፃ ትምህርት ቤቱ ነው። በ1861 ነው የተሠራው። ቢገቡበት ሦስት መቶ ልጅ የሚማርበት ይመስልዎታል። አንድም ተማሪ የለም። አሁን የድሮ ዕቃ ማሳያ ሆኗል፤ ሪጋስ የሚባል ሰው በ1790ዎቹ ቪየና ያሳተመው ትልቅ ካርታ አንድ ቅጂ እዚያ ተቀምጧል።

ሰዉ የት ሄደ? አካባቢው በ1913 ግሪክ ውስጥ ሲገባ ነጋዴዎቹ የሚመላለሱበት የድሮ ዓለም በድንበር ተቆራርጦ ነበር። በ1940 ጣልያን በዚሁ ተራራ መጣባቸው። እኛ ዘንድ እንዳደረገው ሁሉ እነሱም ቀላል መስለውት ነበር፤ መልሰው አባረሩት። የዚሁ ተራራ፣ የፒንዶስ ሴቶች በበረዶ ውስጥ ጥይት በጀርባቸው ተሸክመዋል። በ1943 ደግሞ ጀርመኖች ብዙ የዛጎሪ መንደሮችን አቃጠሉ። ከዚያ እስከ 1949 የእርስ በርስ ጦርነት። ከ1960 በኋላ ጀርመን ሠራተኛ እየቀጠረች ስትወስድ፣ ያልሄደው አቴንስ ገባ።

አጠገባችን ያለው ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ገባሁ። አንድ የጣሪያ ድንጋይ ተንሸራትቶ ይሆናል መጀመሪያ፤ ውኃ ገባ፣ እንጨቱ በሰበሰ፣ ከዚያ ሁሉም ተያይዞ ወረደ። ምድጃው መሃል ዛፍ በቅሏል፤ በአናቱ ወጥቶ ሰማይ ያያል። ማዕዘኑ ግን፣ አባባ፣ ዛሬም ቱምቢ ቢጥሉበት ዝንፍ አይልም። በጣቴ ዳሰስኩት፤ የመሮው ምት ይታወቃል።

መንግሥት በቤቶቹ ላይ ቀልድ አያውቅም። ቆርቆሮ ማልበስ ክልክል ነው፤ የሚያድስ ሰው በድንጋይ ነው የሚያድሰው። በ2023 ዩኔስኮ ዛጎሪን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ቱሪስትም ይመጣል። ደስ ይላል። ግን ጥበቃው ለግድግዳው ነው። በበረዶው ወራት እዚህ ስንት ጭስ ማውጫ እንደሚጨስ እማማን ስጠይቃቸው በአንድ እጃቸው ጣት ቆጥረው ዝም አሉ።

ፍልሰታ የእነሱ ከእኛ አንድ ሳምንት ትቀድማለች። የዚያን ሰሞን መንደሮቹ ይሞላሉ። ከጀርመንም ከአቴንስም ይመጣሉ፤ ክላርኔት ይነፋል፣ እስኪነጋ ይጨፈራል። እማማም ዱላቸውን ጥለው ጨፈሩ። በሳምንቱ መኪናው ሁሉ ተጭኖ ወረደ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንድሜ ደውሎ ለጂ ፕላስ ዋን መሠረት ሊያስቆፍር መሆኑን ነግሮኛል፤ «አባባ የአንቺ ክፍል ፎቁ ላይ ይሁን ብለዋል» አለኝ። አባባ፣ በእኔ ስም ፎቅ አይሥሩ። ወንድሜ ባሕር ዳር ሊገባ ነው፣ እህቴ ዱባይ ናት። እኔም መቼ እንደምመለስ አላውቅም። ታዲያ ያን ፎቅ ማን ይኖርበታል? የጎረቤት ዓይን ለመሙላት ከሆነ፣ እዚህ ለዚያ የተሠራ ቤት ሞልቷል።

የላክሁልዎ ብር እጅዎ ላይ ነው። መጀመሪያ ዓይንዎን ይታከሙ። ሞራ ነው ካሉዎት በቀዶ ጥገና ይነሳል፤ ካልታከሙ ግን ቱምቢውንም አያዩትም። ቀጥሎ የእማዬ ማድ ቤት ይሠራ፤ ጭሱ አሁንም ያስላታል። አሸዋውና ድንጋዩ ከተገዛ አይባክንም፣ ለእሱ ይሁን። አሠሪው እርስዎ ይሁኑ፤ ወንድሜ ግንብ አያውቅም።

ይቆጡኝ ይሆናል። ይቆጡኝ፤ ግን በስልክ እንጂ በወንድሜ አፍ አይላኩብኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ማሙሽ ስልኩን ቻርጅ ያድርገው።

ልጅዎ