አፉን ለምግብ የማይከፍተው ዓሣ

ሲያትል፣ ሐምሌ 25 ቀን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣
ቁንዝላ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ? ወንድሜስ? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ እያወራን መስመሩ ተቆረጠ። የመጨረሻው የሰማሁት ጥያቄዎን ነው። "ምግብ የማይበላ ዓሣ በምን ይያዛል?" ብለው ነበር። ደጋግሜ ብደውልም አልገባ አለኝ። ነገሩ ደግሞ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

ዓሣው ሶካይ ሳልሞን ይባላል። የሚወለደው ወንዝ ውስጥ፣ ጠጠር መሃል ነው። ከዚያ ሐይቅ ገብቶ አንድ ሁለት ዓመት ያድጋል። ቀጥሎ ውቅያኖስ ይገባና ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ወደ ተወለደበት ውሃ ይመለሳል። መንገዱን የሚያገኘው በማሽተት ነው፤ የወንዙን ሽታ አይረሳም። ሲመለስ ግን መብላት ያቆማል። ሆዱን ቢከፍቱት ባዶ ነው። እንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል። እኛ የምናጠምደው ወደ ወንዙ ከመውጣቱ በፊት ሐይቁ ውስጥ በሚቆይባቸው ሳምንታት ነው። ታዲያ በትል አይታለል፣ በትንሽ ዓሣ አይታለል። ባሕር ውስጥ እያለ እንኳ በብዛት የሚበላው ደቃቅ የውሃ ፍጥረታትን ነው። ስለዚህ የሚይዙት ርቦት ሳይሆን ተናዶ፣ ወይም አንድ ነገር ፊቱ ላይ ሲያልፍ ድንገት አፉ ቀድሞት ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ጀልባ አለው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ፈረንጅ ነው። መዳፉን ሳየው የእርስዎ እጅ ትዝ አለኝ፤ በክር የተቆራረጠ ነው። ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በኋላ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ አንድ ቅዳሜ ሌሊት ይዞኝ ወደ ቤከር ሐይቅ ሄደ። ከሲያትል በመኪና ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። በላዩ በረዶ የማይለየው የቤከር ተራራ አለ። ሳይነጋ ውሃው ላይ ነበርን።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። ይህንን እንደሚወዱት አውቃለሁ።

ዶጀር የምትባል ብልጭልጭ የብረት ዝርግ አለች። ርዝመቷ አንድ ስንዝር አይሞላም። ጀልባው ሲጎትታት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትወዛወዛለች። መሽከርከር የለባትም፤ ከተሽከረከረች ጀልባው ፈጥኗል ማለት ነው። ከእሷ ኋላ አጭር ክር ይታሰራል፤ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ትናንሽ መንጠቆዎች አሉ። በላያቸው ሮዝ ቀለም ያላት፣ ከትንሿ ጣት የማትበልጥ፣ ጭራዋ ብዙ የሆነ ፕላስቲክ ትጠለቃለች። ሁቺ ይሏታል። አንዳንዱ ሁቺዋንም ይተዋታል፤ ባዶ ቀይ መንጠቆ ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ዓሣም ይዞ ይገባል።

ክሩ ለምን እንደሚያጥር ጠየቅሁት። ዶጀሯ ስትወዛወዝ መንጠቆዋን ወዲህና ወዲያ መወርወር አለባት። ክሩ ከረዘመ ውዝዋዜው መሃል ላይ ይሞትና መንጠቆዋ ዝም ብላ ትጎተታለች። ዝም ብላ የምትጎተትን ነገር ደግሞ ሶካይ ዞር ብሎም አያያት።

መንጠቆዋ ጫፍ ላይ ሮዝ ቀለም የተነከረ፣ ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባሕር ፍጥረት ቁራጭ አደረገ፤ የሽንብራ ፍሬ ብታክል ነው። ለሽታ ነው እንጂ ለመብል አይደለም። ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ እኔንም አስታጠበኝ። የቤንዚንና የሰው እጅ ሽታ ያርቀዋል አለኝ። እርስዎስ ትንባሆ የነካ እጅ መረብ አይንካ ይሉን አልነበር?

ጥልቀቱን የሚጠብቀው ዳውንሪገር የሚባል መሣሪያ ነው። አራት ኪሎ ተኩል የሚመዝን የእርሳስ ድቡልቡል በሽቦ ወደ ታች ይወርዳል። የማጥመጃው ክር በመቆንጠጫ እሱ ላይ ይያዛል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቃል። እርሳሱ በሽቦው ላይ ይቀራል፣ እርስዎ ከዓሣው ጋር ብቻዎን ይገናኛሉ። ጎህ ሲቀድ በስድስት ሜትር ጀመርን። ፀሐይ ከፍ ስትል ዓሣው ብርሃኑንና ሙቀቱን ሸሽቶ ይወርዳል፤ እኛም ተከትለን እስከ አሥራ ስምንት ሜትር ወረድን። ጣና ቢሆን ይሄኔ ጭቃውን ነክተን ነበር፤ የኛ ሐይቅ ጥልቅ የሚባለው ቦታ አሥራ አራት ሜትር ገደማ ነው።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። ሰው በእግሩ ይቀድመናል። በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብንሄድ ነው። የጥምቀት ለት ታቦት ሲሸኝ እንደሚኬደው ያለ እርምጃ ነው። ቀጥ ብሎም አይኬድም፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ነው። ጀልባው ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ ያለው ክር ይዘገይና ትንሽ ይሰምጣል፣ የቀኙ ይፈጥናል። ብዙውን ጊዜ የሚነከሰው እዚህ መታጠፊያ ላይ ነው። ታንኳ ስናዞር መቅዘፊያውን እንዳላንኳኳ የሚቆጡኝ ትዝ አለኝ። እዚህ ሞተሩ እንኳ የሚሰማ አይመስልም።

የመጀመሪያው ዓሣ የመጣው በመታጠፊያ ነው። የዘንጉ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ክሩ ተላቀቀና ዘንጉ ቀና አለ። እኔ ዘንጉን ይዤ በኃይል ሳብኩት። አምባዛ እንደምንስበው። ክሩ ወዲያው ቀለለኝ። ስንጠቀልለው መንጠቆው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የከንፈር ቁራጭ ቀርታለች። የሶካይ አፍ ለስላሳ ነው፤ ከሳቡት ይቀደዳል። ባልደረባዬ አልተቆጣኝም። እኔን ግን ከንፈሩን ቀድጄ የለቀቅሁት ዓሣ ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ።

ሁለተኛውን ሲነክስ አልሳብኩም። ዘንጉን ቀና አድርጌ ክሩ እንዳይላላ ብቻ ጠበቅሁ። ሲሮጥ ለቀቅሁለት፣ ሲደክመው ጠቀለልኩ። ሦስት ጊዜ ጀልባው ሥር ገባ። በመጨረሻ ባልደረባዬ መረቡን ውሃው ውስጥ አስቀድሞ አጠለቀና በጭንቅላቱ በኩል አስገባው። ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ እንደ አዲስ ብር የሚያበራ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን ዓሣ! ወዲያው ስንጥቡን ቆርጦ ደሙን አፈሰሰና በረዶ ውስጥ ከተተው። ሥጋው የበሬ ጥሬ ሥጋ ይመስላል፣ እንዲያ ቀይ ነው። ማታ በቅቤና በሚጥሚጣ ጠበስኩት። እማዬ እጅ ላይ ቢወድቅ ምን ይሆን ነበር!

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ዓሦች ቤከር ሐይቅ የሚደርሱት በመኪና ነው። ወንዙን ሁለት ግድብ ዘግቶታል፤ አንዱ በ1925፣ ሌላው በ1959 እንደ ፈረንጆቹ የተሠራ። ስለዚህ ከግድቡ በታች ይያዛሉ፣ ይቆጠራሉ፣ ውሃ በሞላ ቦቴ ተጭነው ሐይቁ ውስጥ ይለቀቃሉ። ሰው የሚያጠምደውም ተቆጥሮ የሚበቃ ሲሆን ነው። ፈቃድ አለ፣ በቀን ልክ አለ፣ የያዙትን ሳልሞን ወዲያው ካርድ ላይ ይጽፋሉ።

እዚሁ ከተማዬ ውስጥ ደግሞ ዋሽንግተን ሐይቅ አለ። ሥራ ስሄድ ድልድዩን ተሻግሬው ነው የማልፈው። ድሮ በሐምሌ ጀልባ ለጀልባ እየተጋፋ ሶካይ ይጠመድበት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ከ2006 ወዲህ አልተከፈተም። የሚመለሰው ዓሣ አነሰ። ውሃው ሞቀ፣ በሽታ ገባ፣ ትንንሾቹን ሌላ ዓሣ ይበላቸዋል። ባላርድ በሚባለው ሰፈር 21 ደረጃ ያለው የዓሣ መሰላል አለ። በመስታወት ውስጥ ሲወጡ ይታያሉ። ሰዎች ቆመው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። እኔም አንድ ቀን ቆሜ አየሁ። አባባ፣ የጣናችንን ነጭ ዓሣ ያየሁ መሰለኝ። ክረምት ሲገባ ግልገል አባይን ሽቅብ የሚወጣውን።

ልጅ አባቱን አይመክርም። ግን ለወንድሜ ይንገሩልኝ። ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዙ አፍ ላይ መረብ አይዘርጋ። ሌላውም ዓሣ የሚመርዘውን ብርብራ ወንዝ ውስጥ ሲጨምር ካየ ዝም አይበል። እርስዎ በልጅነትዎ ታንኳ ሙሉ ነጭ ዓሣ ይዘው ይገቡ እንደነበር ነግረውኛል። እኔ ያንን አላየሁም። የወንድሜ ልጆችም በወሬ ብቻ እንዲሰሙት አልፈልግም። መረቡን እዚያ ባለመዘርጋቱ የሚጎድልበትን እኔ እልካለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ለመስቀል ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው አለ። በእሱ እጅ ሁለት ዶጀር፣ አንድ ጥቅል ክርና መንጠቆ ልኬያለሁ። ጠዋት ውሃው ሳይረበሽ ከታንኳው ኋላ አስረው ይልቀቁት። እርሳስ አያስፈልግዎትም፣ አንድ ትንሽ ጠጠር ይበቃል። ቀስ ብለው ይቅዘፉ። ዶጀሯ ስትወዛወዝ ንዝረቷ በክሩ አድርጎ ጣትዎ ላይ ይመጣል፤ ያ ንዝረት ከጠፋ ሣር ይዛለች ማለት ነው። ሲታጠፉ ክሩን በጣትዎ ያዝ ያድርጉት። ስደውል በየትኛው መታጠፊያ እንደነከሰ ይንገሩኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ